ሎሚ፣ አመድና የአያ ፈንታ ፎቶግራፍ

እጄ የፎቶ መድኃኒቱን ሽታ ከተወ ዓመታት አለፉ። ፎቶ ቤቱን የዘጋሁት ሰው ሁሉ ካሜራውን በኪሱ ይዞ መዞር ሲጀምር ነው። አልተከፋሁም። ሥራው ከእኔ ቀድሞ ደክሞ ነበር።

ዘንድሮ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። የከተማው ወጣቶች ዛሬም ከሥራ ያልተለዩ አረጋውያንን ፎቶ አንሥተው አዳራሽ ውስጥ ሊሰቅሉ አስበዋል አለችኝ። እኔንም ከአረጋውያኑ መቁጠሯን ልብ ብዬዋለሁ። ጓሮ ጎመን እየኮተኮትሁ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ እስቲ ቀና ብለው ፈገግ ይበሉልኝ።»

ቀና አልሁ። ፈገግታው አልመጣም። ያነሣችውን አሳየችኝ፤ ፍርድ ቤት የተጠራች ምስክር የመሰለች ሴትዮ ቆማለች።

«እኔ ልኮትኩት፤ አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚ» አልኋት። «መቆምሽን ስረሳው ታነሺኛለሽ።»

«እስከ መቼ ልቁም?»

«እስክረሳሽ።»

ሣቀች፤ ግን ቆመች። ይህ አነጋገር የእኔ አይደለም፤ ፎቶ ያስተማሩኝ የጋሽ ይማም ነው። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ስለ እሳቸውና ስለ አንድ ፎቶግራፍ ጥቂት ልጽፍ ተቀመጥሁ።

ሁለተኛ ደረጃን የጨረስሁት ወልድያ፣ አክስቴ ቤት ሆኜ ነው። የመልቀቂያ ፈተናው ውጤት የትም የሚያስገባ ስላልነበረ ወደ ሰቆጣ ተመለስሁ። ጊዜው ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለማኅበር አባልነት፣ ለይለፍ ወረቀት፣ ለሁሉም ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል፤ ፎቶ የሚያነሡት ግን ጋሽ ይማም ብቻ ናቸው። ቤተሰባቸው ከአያት ከቅድመ አያት ነጋዴ ነው። ከፊት ባለው ሱቅ ወንድማቸው አቡጀዲና ማር ይነግዳሉ፤ ከጓሮ ባለችው ክፍል እሳቸው ያነሣሉ። «እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ አፏ የማይፈጥን ሴት እፈልጋለሁ» ብለው ለአባቴ ነገሩት። አባቴም ሌላ ሰው ሳይፈልግ እኔን ላከኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ቤት ከመዋል ግን ይሻላል።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ኔጋቲቭ ማስተካከል ነው። ፊልሙ ዘንበል ባለ መስታወት ላይ ይደረግና፣ በምላጭ እንደ መርፌ በተሾለ እርሳስ፣ ፊት ላይ ያለው ብጉርና ጠባሳ ነጥብ በነጥብ ይሞላል። ለእናቶቻቸው ፎቶ የሚልኩ ወታደሮች ይህን በጣም ይወዱ ነበር። አንድ ቀን የአንዲት ባልቴት ፊልም ደረሰኝ። የግንባራቸውን መሥመር አንድ ሳላስቀር አጠፋሁትና ምስጋና ጠበቅሁ። ጋሽ ይማም ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፤ ከዚያ በጥጥ ጠረጉት።

«ይህን መሥመር ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለፍተው ሠሩት። አንቺ በአንድ ጠዋት ትነጥቂያቸዋለሽ?»

ከዚያ ወዲያ የሽማግሌ ፊት በእርሳስ ነክቼ አላውቅም።

መብራት የሚመጣው ማታ ነው፤ ያውም ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲኖረው። ስለዚህ ፎቶ የምናትመው በቀን ነበር። በጨለማ ክፍላችን ግድግዳ ላይ መዳፍ የምታህል መዝጊያ ያላት ቀዳዳ ነበረች። ጋሽ ይማም መዝጊያዋን ይከፍቱና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጥረው ይዘጋሉ። ሰማዩ ደመና ከሆነ ቆጠራው ይረዝማል። ከዚያ ወረቀቱ መድኃኒት ውስጥ ይገባል፤ መጀመሪያ ምስሉን የሚያወጣው፣ ቀጥሎ የሚያቆመው፣ በመጨረሻ የሚያጸናው። ሁሉም ይሸታሉ፤ የሚያቆመው ግን እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይወጋል። መቆንጠጫ ስላልነበረን የምንነክረው በእጃችን ነው። ሽታው ቆዳ ውስጥ ይገባል። እኛ ስለለመድነው አይሸተንም ነበር።

በአገራችን ሰው ሲሞት በለቅሶው ላይ ልብሱና መሣሪያው ይወጣል። ፎቶግራፍ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ፎቶው ከፍ ተደርጎ ይያዛል። ስለዚህ አባቱ ሲያስል የሰማ ልጅ ቶሎ ብሎ ፎቶ ቤት ያመጣዋል። ሽማግሌው ለምን እንደ መጣ ያውቃል። ነጭ ጋቢ ያለብሱታል፣ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል፤ ዓይኑ ካሜራውን ትቶ የራሱን ለቅሶ ያያል።

ጋሽ ይማም ይህን አይወዱም። ልጆቹን ወደ ሱቁ ያስወጡና ከሽማግሌው ጎን በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። የገጠር ሰው ከሆነ በአገውኛ፣ የከተማ ከሆነ በአማርኛ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ «እጅዎ ምን ለምዷል?»

አንድ ግንበኛ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። ከከተማው የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹን የገነቡ ሰው ናቸው።

«እጄማ የለመደው ድንጋይ ነበር» አሉ። «አሁን ይኸው ልጆቼ ጉልበቴ ላይ አጋድመውልኛል።»

ጋሽ ይማም ወጡና ከጓሮ ድንጋይና መዶሻ ይዘው ተመለሱ። ሽማግሌው ድንጋዩን አገላበጡት።

«ይህ ለማዕዘን አይሆንም።»

«ለምን?»

«ሆድ አለው። አታይም?»

ያበጠውን ሊጠርቡለት መዶሻውን ሲሰነዝሩ ጋሽ ይማም አነሡአቸው። ልጆቹ ፎቶውን ሲያዩ ተቆጡ። «ጋቢውስ? ይህ ለለቅሶ ይሆናል?» አሉ። አባትየው ፎቶውን ከእጃቸው ነጥቀው «ይኼ እኔ ነኝ» አሉና ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላም መዶሻ ይዘው በደጃችን ሲያልፉ አያቸው ነበር።

ከጋሽ ይማም ልማዶች አንዱን ግን ጠይቄ አላውቅም። ከቤት ውጭ ሊያነሡ ሲወጡ፣ ካሜራውን ከማንሣታቸው በፊት ጓሮ ይሄዱና ግማሽ ሎሚ አመድ ውስጥ ነክረው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ያሻሉ፤ ደግመው ደጋግመው ይታጠባሉ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን። ለሶላት ሲታጠቡ ስለማይ ይህም የሃይማኖታቸው ነው ብዬ ፊቴን አዞር ነበር። በሰቆጣ ሁላችንም አንድ ግቢ እንኖራለን፤ በሐዘንም በደስታም አንለያይም፤ የሌላውን ጸሎት ግን ቆሞ ማየት ነውር ነው። እንዲህ ስናደርግ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ የባህል ጉዳይ የሚመለከተው አንድ ጓድ ከጎጃም ተመድቦ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትጉህ ነበር። በአውራጃው አዳራሽ በሥራ ላይ ያሉ አረጋውያን ፎቶዎች እንዲሰቀሉ ታዟል ብሎ ወደ እኛ መጣ።

«ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አንሥተው ይነሡ» አለ።

«ጓድ፣ ግራ እጃቸው ሥራ ይዞ ከሆነስ?» አሉት ጋሽ ይማም።

ሰውየው አሰበ። «እንግዲያው ቀኙ ይሁን።»

«ቀኙም ይዟል።»

«ታዲያ በምን መፈክር ያሰማሉ?»

«የሚሠራ ሰው መፈክር ምን ያደርግለታል፣ ጓድ? ያዩታል እኮ።»

በዚህ ተስማሙ፤ ወይም ጓዱ ክርክሩ ደከመው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ጋሽ ይማም በሳል አልጋ ያዙ። ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ ማንሣት አስተምረውኝ ነበርና ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። የደሴ መንገድ በመዘጋቱ የቀረን ፊልም ጥቂት ነበር። በከተማው ቆብ የሚሰፉትን ሐጂና እንጨት የሚፈልጡትን እማሆይ አነሣሁ። ከገጠር ደግሞ ጋሽ ይማም አንድ ሰው መረጡልኝ። ለወንድማቸው ማር የሚያቀርቡት ንብ አርቢ፣ የፃግብጂ አገሩ አያ ፈንታ።

የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ከማር ነጋዴዎች ጋር፣ በየጥቂቱ በምትደነብር በቅሎ ሄድሁ። ከመሄዴ በፊት ቀኑን ሙሉ የመታወቂያ ፎቶ ሳጥብ ውዬ ነበር።

የአያ ፈንታ ቤት ገደል አፋፍ ላይ ነው። እሳቸው ቀጭን፣ ፈጣን፣ የበግ ጠጉር ባና የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው እማማ ደብሬ ስለ ምን እንደ መጣሁ ሲሰሙ ሣቁ።

«እሱን? ንቦቹን አንሺ ልጄ፤ ከእሱ እነሱ ያምራሉ።»

«ስታገቢኝ እንዲህ አላልሽም» አሉ አያ ፈንታ።

«ስታገባኝ ንብ አልነበረህማ። የማወዳድርህ አልነበረኝም።»

እየሣቅን ሳለ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ገባ። አያ ፈንታ ክርስትና ያነሡት ልጅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ ይሆነዋል። እጅ ነሥቶ ተቀመጠ፤ የመጣበትን ለመናገር ግን ጊዜ ወሰደበት።

«አባቴ፣ በሚመጣው ሳምንት ስብሰባ አለን። የገደሉን ቀፎዎች ለወጣቶች ማኅበር እናስረክብ ተብሏል። አንቱ ከታች ሆነው ይመክራሉ።»

«ከታች ሆኖ የሚመክር ሞልቷል።»

«ሰባ አልፎዎታል እኮ።»

«ንቦቹ ጠየቁህ?»

«እኔ ነኝ የምጠየቀው!» አለ። «ከዚያ ገደል የወደቁ ዕለት ለእናቴ ለደብሬ ምን ልላት ነው?»

አያ ፈንታ ቀልዱን ተዉት። «ቀፎዬን ካስረከብሁ እኔ ምን ልሠራ ነው? ደጃፍ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚ ልቆጥር?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ነገ ገደሉ ላይ ቆሜ አንሺኝ። ያ ፎቶ ሰቆጣ አዳራሽ ይሰቀል። እሱን አይቶ በምን አፉ አረጁ እንደሚለኝ እናያለን።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ተከዜ ስታዘነብል ወረድን። ቀፎዎቹ ከአለቱ ጉያ ውስጥ፣ ሰው ጎን ለጎን በማይተላለፍበት እርከን ላይ ተደርድረዋል። አያ ፈንታ የጠፍር ገመዳቸውን ከወይራ ግንድ አሥረው፣ ሌላውን ጫፍ ወገባቸው ላይ ጠመጠሙ። በገል የያዙት ኩበት ይጨሳል። እኔ በእርከኑ መግቢያ አንድ ድንጋይ ላይ ቆምሁ። እሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው አንድ ነገር ሊሉ መሰሉ፤ ተዉት።

ካሜራውን ደረቴ ላይ አስተካክዬ መክፈቻውን ስነካ ንቦቹ መጡ። አያ ፈንታን አልፈው፣ ጭሱን አልፈው፣ እንደ ተጠሩ ሁሉ እጄ ላይ ሰፈሩ። ጮሄ አላውቅም፤ ያን ጊዜም አልጮኽሁም። ፊቴን ግን መሸፈን አልቻልሁም። አያ ፈንታ ገመዳቸውን ከወገባቸው ፈትተው በእርከኑ ሮጡ፤ ባናቸውን ከትከሻቸው ገፈው ጣሉብኝ። ራቁቱን በቀረው ጀርባቸው ላይ ንቦቹ ወረዱ። እኔን ወደ ኋላ ሲገፉ የረገጡት ድንጋይ ከዳቸውና ከእርከኑ በታች ወዳለው ቁልቁለት ተንሸራተቱ።

አልሞቱም። ቁርጭምጭሚታቸው ወጥቶ ነበር፤ ወጌሻ ተጠርቶ መለሰው። ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጣና አባቱን መደብ ላይ ሲያይ «አላልሁም?» አለ። በቁጣ ቢናገረው ይሻለኝ ነበር። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። «እንግዲህ በስብሰባው የምንከራከርበት ነገር የለም» ብሎ ወጣ። አያ ፈንታ አንድ ጊዜ እጄን አዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ፊቴ እንዳበጠ ሰቆጣ ገባሁ። ለጋሽ ይማም አልጋቸው አጠገብ ሆኜ ሁሉን ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እጅሽን አምጪ» አሉ። አሸተቱት። «ሳትታጠቢ ሄድሽ?»

«ታጥቤ ነበር። በሳሙና።»

«በሎሚና በአመድስ?»

«እሱማ...» አልሁ፤ መጨረሱ አሳፈረኝ። «እሱማ የሶላትዎ ነው ብዬ።»

«የምን ሶላት?»

«ሊያነሡ ከመውጣትዎ በፊት የሚታጠቡት።»

ሣቁ። ሣቁ ሳል ሆነባቸው፤ ውሃ ሰጠኋቸው። «አስካለ! ለሶላት ውሃ ይበቃል። በሎሚ የሚሰግድ የት አይተሻል?» አሉ። «የመድኃኒቱ ሽታ በቅሎ ያስደነብራል፣ ሕፃን ያስለቅሳል፤ ንብማ ከቶ አይምርም። ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንሠራ፣ አንድ ቀን እንኳ ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው አይባልም?»

«ነውር መስሎኝ።»

«እኔ ደግሞ ፊትሽን የምታዞሪው ሎሚው ዓይንሽ እንዳይገባ ይመስለኝ ነበር።» ሣቃቸው ቆመ። «አሁን ሰውየው አረጁ ተባሉ?»

«አዎ።»

«በእኛ እጅ ሽታ።»

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁ።

«ካሜራውን ለጊዜው ተይው» አሉ። «መጀመሪያ ሄደሽ ንገሪ።»

እኔ በሰው ፊት ለመናገር የተፈጠርሁ አይደለሁም። መንገዱን ሙሉ ቃሉን በሆዴ እያዘጋጀሁ ነው የሄድሁት። አያ ፈንታ እግራቸው በጨርቅ ታስሮ ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ያ የፈሩት ቦታ ላይ። ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ሎሚው፣ ስለ ሽታው ነገርኋቸው።

«ዐውቄ ነበር» አሉ።

«ዐውቀው?»

«ገና ቤት ስትገቢ ሸቶኛል።»

«እኔም ሸቶኛል» አሉ እማማ ደብሬ። «የኮመጠጠ ጠላ በይው፣ ምን በይው። ሌሊቱን በሩን ከፍቼ ነው ያደርሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ሁለቱም ተገርመው አዩኝ። «እንግዳ ሸተትሽ ይባላል?» አሉ አያ ፈንታ። «እዚያ ድንጋይ ላይ ስትቆሚ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንቺ ደግሞ ዝምተኛ ነሽ፤ ትሸማቀቂያለሽ ብዬ ተውሁት። ነፋሱ ወደ ታች ይወስደዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ነፋሱ ዞረ።»

«ለሊቀመንበሩስ?»

«ለእሱ ብነግረው አገሩ ይሰማል። በደጄ የመጣች ልጅ መሳቂያ ትሁን?»

ቀፎዎቻቸውን ሊሰጡ ነበር፤ እኔ እንዳላፍር ብለው። ስለዚህ ሊቀመንበሩን አስጠራሁትና ከስብሰባው በፊት፣ በሁለቱ ፊት፣ ሁሉን ደግሜ ተናገርሁ። ሰማኝ። ከዚያ በጣም አዝኖ የነበረ ሰው የሚቆጣውን ቁጣ ተቆጣ።

«እኔ እኮ ዕድሜያቸው ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ! አባቴ፣ ምነው ለእኔ እንኳ?»

«አሁን ሰማህ።»

ሊቀመንበሩ የታሰረውን እግር ጎንበስ ብሎ አየ። «ይሁን። እግርዎ ሲድን ይወርዳሉ። አይቼ ነው የምፈርደው። ገመዱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።»

«ገመዴን ሰው ይዞት አያውቅም።»

«ከአሁን በፊትስ ሰባ ዓመት ሞልቶዎት ያውቃል?»

እማማ ደብሬ ሣቁ። አያ ፈንታ ብቻ አልሣቁም፤ ግን እምቢም አላሉም።

ስብሰባው ተላለፈ። እግራቸው እስኪጸና ሳምንታት ፈጀ። ለሦስተኛ ጊዜ ከመሄዴ በፊት ለቀናት ወደ መድኃኒቱ ክፍል አልገባሁም። ጋሽ ይማም ከአልጋቸው ሆነው እያዘዙ እጄን ቆዳው እስኪቀላ በሎሚና በአመድ አሻሹኝ። እዚያም ስደርስ እማማ ደብሬ ደግመው በወይራ ጢስ አጠኑኝ፤ የራሳቸውንም ባና አለበሱኝ። «አሁን የእኛን ሰው ሸተትሽ» አሉኝ።

ካሜራው ውስጥ የመጨረሻው ፊልም ነበር። ያው ድንጋይ ላይ ቆምሁ። ንቦቹ በጆሮዬ አጠገብ አለፉ እንጂ አልነኩኝም። ሊቀመንበሩ በእርከኑ ጫፍ ቆሞ ገመዱን በወይራው ግንድ አዙሮ በሁለት እጁ ጨብጧል። አያ ፈንታ መጀመሪያ ላይ ሰው እንደሚያያቸው ያውቁ ነበር፤ አንገታቸውን ያቀናሉ፣ ወደ እኔ ይሰርቃሉ። አላነሣሁም። ጠበቅሁ። ቀጥሎ የቀፎውን አፍ ያሸገውን እበት መፈልፈል ጀመሩ፤ ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ። ቀፎው ውስጥ ያለውን ለመስማት ጆሮአቸውን አስጠጉ። ያን ጊዜ ረሱኝ።

ጀርባቸው ወደ እኔ ነበር። ይዙሩ ልል አልሁና ተውሁት። ባዶ እግራቸው አለቱን ይዟል፤ ሁለቱ እጆቻቸው ክዳኑን፣ አራስ ልጅ እንደሚያነሣ ሰው፣ እያነሡት ነው። በዚያች ቅጽበት መክፈቻውን ተጫንሁ። በኋላ ወደ ደጃፍ ሲወጡ ፊታቸውንም አነሣሁ፤ ያኛው ግን ፎቶ የሚነሣ ሰው ፊት ነው።

አያ ፈንታ ሲመለሱ በገበታው ነጭ ማር ነበር። ሊቀመንበሩ መዳፉን ዘረጋ፤ ገመዱ አቅልቶታል።

«እህ? ስብሰባው መቼ ነው?» አሉት እማማ ደብሬ።

«ከስብሰባው በፊት አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ይህን ገመድ በየዓመቱ እኔ እይዛለሁ። ሌላው እንደ ነበረ ይቆያል። ማኅበሩንም ይህንኑ እነግረዋለሁ።»

«ከባድ ነኝ?» አሉ አያ ፈንታ።

«ከባድ ነዎት።»

«እንግዲያው አላረጀሁም» አሉና ከማሩ ቆርሰው ቀድመው ለእሱ አጎረሱት።

መንገዱ ሲከፈት ፊልሙ በትልቁ እንዲታተም ደሴ ተላከ። ሲመጣ ጓዱ በአዳራሹ ግድግዳ ፊት ቆሞ ተከራከረን።

«ፊታቸው የታል?»

ጋሽ ይማም በምርኩዝ መጥተው ነበር። «ፊታቸው ሥራቸው ላይ ነው» አሉት። «ሌላ የት ይሁን?»

ፎቶው ተሰቀለ። አያ ፈንታም በገበያ ቀን መጥተው አዩት። ቀረብ ብለው ገመዱን፣ ቀፎውን፣ እግራቸውን በየተራ አዩ። ከዚያ «ጀርባዬን አይቼው አላውቅም ነበር» አሉኝ። «ደህና ነው።»

ጋሽ ይማም ከሁለት ክረምት በኋላ ዐረፉ። ፎቶ ሲያነሡ ኖረው የራሳቸው ፎቶ የላቸውም ይባል ነበር። አንድ አለ፤ እኔ ያነሣሁት ነው። ጓሮ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን በሎሚና በአመድ ሲያሹ። ያን ዕለት ፊቴን አላዞርሁም።

ከዚያ ብቻዬን ሠራሁ። ብዙ ሽማግሌዎች መጡ፤ ሁሉንም እጅዎ ምን ለምዷል እያልሁ ጠየቅሁ። የመለሱልኝን ሁሉ ብጽፍ ወረቀት አይበቃም።

አያ ፈንታ ያረፉት በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ በገደሉ አይደለም፣ በአልጋቸው። መርዶው ሲደርሰኝ የፊታቸውን ፎቶ አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድሁ፤ ለለቅሶው እንደሚፈለግ ስለማውቅ። ስደርስ ዘመዶች ክርክር ላይ ነበሩ። እማማ ደብሬ እኔ አትሜ የሰጠኋቸውን የገደሉን ፎቶ ከግድግዳ አውርደው ታቅፈውታል።

«እትዬ ደብሬ፣ ፊት የሌለው ፎቶ ለለቅሶ ይወጣል እንዴ?» አለ አንዱ። «ሰው በጀርባው ይለቀስለታል?»

እኔ ያመጣሁትን ከጨርቁ አወጣሁ። እማማ ደብሬ ተቀብለው አዩት፤ በአክብሮት መለሱልኝ።

«ፊቱንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» አሉ። «እኔ ግን በየዓመቱ ወደዚያ ገደል ሲሄድ የሸኘሁት በጀርባው ነው። ሁልጊዜ ይመለስልኝ ነበር። ዛሬም በዚያው ልሸኘው።»

ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም። የገደሉን ፎቶ የክርስትና ልጃቸው ተቀበላቸው። በዚያን ጊዜ ሊቀመንበር አልነበረም፤ ጠጉሩም መሸበት ጀምሮ ነበር። በለቅሶው መካከል ገብቶ ፎቶውን ከራሱ በላይ አነሣው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አየሁት፤ በፎቶው ጥግ ላይ ገመዱን የጨበጡ ሁለት እጆች አሉ፤ ከሥር ፎቶውን የያዙትም እነዚያው ነበሩ።